እዚህስ፣ ቲቸር?

በመምህርነት ዘመኔ ከተማርሁት ሁሉ የሚበልጠውን ያስተማረችኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከባልደረቦቼ ጋር በጨዋታ መሐል ጣል ከማድረግ በቀር እስካሁን በወጉ ተናግሬው አላውቅም። ዕዳ ሆኖ ስለሚከብደኝ ዛሬ ልጻፈው።

ትውልዴ ደሴ ነው። ኮሌጅ የገባሁት አማርኛ ላስተምር ብዬ ነበር። በአንደኛ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎች ግን አንድ መምህር ሁሉን ይዞ ይገባል፤ አማርኛውን፣ ሒሳቡን፣ አካባቢ ሳይንሱን። ሒሳብ እንደምንም ይዘለቃል። አካባቢ ሳይንስ ግን ያስፈራኝ ነበር። ስለ አፈርና ውሃ፣ ስለ አየርና ዝናብ፣ ስለ ወረዳና ዞን፣ ስለ ገበሬና ነጋዴ በአንድ መጽሐፍ ይመጣል። ልጅ ደግሞ ስለ ግስ አጥብቆ አይጠይቅም፤ ስለ ደመና ግን ይጠይቃል። ስለዚህ መጽሐፉን ሙጥኝ ብዬ አስተምር ነበር። ማስታወሻውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ፣ ከዚያ አብረን በቃል እንለዋለን። አብዛኞቻችን ያደግነውም በዚሁ ነው።

የዕለቱ ርዕስ ውሃ ነበር። «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በመቶ!» አለ። ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ ሆጤ አካባቢ የጀበና ቡና ትሸጣለች።

«እዚህስ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። አክስቷ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለበዓል ደሴ ስትመጣ ንፍሮ ጥዳ «የደሴ ባቄላ አይበስልም» እያለች ታማርራለች። አንድ ጊዜ ባቄላውን ራሷ ከኮምቦልቻ ይዛ መጣች፤ እሱም ዘገየ። ልጅቱ ይህን አይታ፣ ጥፋቱ የባቄላው ካልሆነ የውሃው መሆን አለበት ብላ አሰበች። ማንም አላዘዛትም። ባቄላው ያው ሆኖ ቦታው ሲለወጥ የሚፈጀው ጊዜ እንደሚለወጥ በገዛ ዓይኗ አይታ፣ ምክንያቱን ፍለጋ ትምህርት ቤት ይዛው መጣች። ሳይንቲስት ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?

«አላውቅም፤ እንፈልገዋለን» አልኋት። ከዚያች ቀን በፊት ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ዘንድ ሄድሁ። ጥያቄውን ስነግረው ደስ ብሎት ከወንበሩ ተነሣ። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው አለኝ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሣሣል፣ ጫናውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው ያን ያህል ሳይግል ይፈላል። መቶ ዲግሪ የሚባለው በባሕር ወለል ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ ነው። ከዚያ ሽቅብ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስልቶ ከሰጠኝ በኋላ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር በጨርቅ ጠቅልሎ አዋሰኝ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን ብረት ድስት ጣድን። ልጆቹን አራቅ አድርጌ አቆምኋቸውና ንባቡን ተራ በተራ እየቀረቡ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረግሁ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና። ውሃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ 92 ገደማ ላይ ቆመ። ከሰል ጨመርን፤ አልነቃነቅ አለ። «ተበላሽቷል!» ብለው ጮኹ። የቡና ሻጯ ልጅ ግን «አልተበላሸም፤ ደሴ ስለሆንን ነው» አለች። እኔ ገና ምንም አላስረዳሁም ነበር።

የገረመኝ ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ እሳት ቢጨምሩበት ሙቀቱ ከዚያ እንደማያልፍ ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። ደሴ ላይ ባቄላው የሚቀቀለው በ92 ዲግሪ ነው፤ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ። የሁለት ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ጥሬ እህል ለማብሰል የሚፈጀውን ጊዜ ያረዝማል። ማገዶ መጨመር ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ባቄላውን አያፈጥነውም። የሚሻለው ሲፈላ እሳቱን መቀነስና ድስቱን ግጥም አድርጎ መክደን ነው። ይህን ልጆቹ እቤታቸው ይዘውት ሄዱ። የልጅቱ እናት መንገድ ላይ አግኝታኝ «እኔ እኮ ጥፋቱ የነጋዴው እየመሰለኝ ባቄላ የምገዛበትን ስቀያይር ኖርሁ» አለችኝ። ያረጀ ባቄላም መዘግየቱ አይቀርም፤ እሱንም ነገርኋት። የከሰል ዋጋ ለሚከብዳት ሴት ግን ከመጽሐፍ የወጣ እውቀት እንደዚያ ሲጠቅም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ «እዚህስ?» የክፍላችን ጥያቄ ሆነ። እኔም የትምህርት ዕቅድ ሳዘጋጅ ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን እሱን መጻፍ ለመድሁ።

የአየር ጠባይ ቀጣናዎች ላይ ስንደርስ መጽሐፉ እንደሚለው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን ከፍታቸውን ጻፍን። ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ወይና ደጋ፣ ከዚያ እስከ 3200 ደጋ። ቁጥር ለልጅ ምኑም አይደለም። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው፤ «ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጃኬታችሁን የት ነው የምታወልቁት?» ክፍሉ ፈላ። አባቱ በዚያ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ልጅ የሐረጎን ቁልቁለት ሳልጨርስ አላወልቅም አለ። ሌላው ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው አለ። አንዷ «አክስቴ ቤት አጎበር አለ፤ እኛ ቤት የለም» አለች። ይህ ከጃኬቱም የበለጠ ምልክት ነው። ኮምቦልቻ ወባ አለ፣ ደሴ ላይ ትንኟ ብርዱን አትችለውም። ከዚያ ፓፓያ የት ያፈራል፣ ማሽላ የት ይዘራል፣ ገብስ እስከ የት ይወርዳል እያልን ሰሌዳውን ሞላነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የ650 ሜትር ቁልቁለት አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። ደጋውና ወይና ደጋው የሚዋሰኑት እነዚህ ልጆች ለዘመድ ጥየቃ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ «ማታ ሲበርድ ድንበሩ ወደ ታች ይወርዳል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ አብልጬ እሱን እወደዋለሁ።

የዝናብንም ነገር በዚሁ መንገድ ገባንበት። በደሴ ዙሪያ የሚወርድ ውሃ ሦስት ዕጣ አለው። ከኩታበር ምዕራብ የወረደው ወደ በሽሎ፣ ከዚያ ወደ አባይ ገብቶ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ቦርከና የገባው በአዋሽ በኩል አፋር ወርዶ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ባሕር አያይም። ወደ ሐይቅ ከተማ በኩል የወረደው ደግሞ መውጫ ወንዝ በሌለው የሐይቅ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች አንዱ እስክንድርያ፣ አንዱ አፋር በረሃ መድረሳቸውን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ኅብረተሰብ? እኔ እንጃ፤ ልጆቹም አልጠየቁኝም።

ከተማዋ ራሷ በዚሁ ዓይን ስትታይ ሌላ ትሆናለች። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1875 ዓ.ም. እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ስሟን እንዳወጡላት ሲነገር ኖሯል። የዚያ ዓመት ኮከብ በቀን ብርሃን ጭምር የታየ፣ በመላው ዓለም የሥነ ፈለክ ሰዎች የመዘገቡት ነው። ልጆቹ በታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚሰሙት አፈ ታሪክ የሰማይ ሳይንስ ሆኖ ሲገኝ ዓይናቸው በራ።

ከዓመታት በኋላ በቤተሰብ ምክንያት ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርሁ። ጥያቄውን ይዤው ወረድሁ፤ መልሶቹ ግን ተለወጡ። «ፋብሪካው ሁሉ ለምን እዚህ ሆነ? ለምን ደሴ አልሆነም?» ብለው ሲጠይቁኝ የጦሳና የአዝዋ ገደል ተራሮችን አስታወስኋቸው። ደሴ በሁለቱ መሐል የተጨነቀች ናት፤ ተዳፋቱ በክረምት ይንሸራተታል። ኮምቦልቻ ሜዳ አላት፤ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ወደብ የሚወርደው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ቆዳውም፣ በ2009 መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያ የተተከሉት አለምክንያት አይደለም።

ያን ጊዜ የመጣው ከባድ ርዕስ የውሃ ብክለት ነው። «ቦርከናን ማን አቆሸሸው?» ስል ክፍሉ በአንድ አፍ «የደሴ ሰዎች!» አለ። እኔ ደሴ ሳለሁ ተማሪዎቼ ስለዚሁ ወንዝ ሲጠየቁ «ቆሻሻው በክረምት ይሄዳል» ይሉኝ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። አሁን የሚደርስበት ቦታ ቆሜ ነው የማስተምረው።

አማርኛ መምህርነቴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። የኮምቦልቻ ልጆች ለደሴ ልጆች ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረግሁ፤ የቀድሞ ባልደረባዬ ተቀብላ በክፍሏ አነበበችው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ቁጣ ነበር። ላስቲኩን፣ የሽንት ቤት ፍሳሹን፣ የሞተውን ውሻ ሁሉ ዘረዘሩ። የደሴዎቹ መልስ ትሕትና ነበረበት፤ ወንዙ ከዶሮ መዝለያ ገደል በታች የት እንደሚሄድ አስበንበት አናውቅም አሉ፤ ቆሻሻ የሚጣልባቸውን የወንዙን ዳርቻዎች በካርታ ሥለው ላኩ። ክፍሌ ደብዳቤውን እየሰማ ረክቶ ሳለ ከኋላ ያለ ልጅ ተነሣ፤

«ቲቸር፣ ለከሚሴ ልጆች እኛም ደሴ አይደለንም ወይ?»

እውነቱን ነው። ቦርከና ከኮምቦልቻ ሲወጣ የፋብሪካ ፍሳሽ ጨምሮ ነው። ተመራማሪዎች በከተማዋ ወንዞች ላይ ባሳተሙት ጥናት ክሮሚየምና ዚንክ የመሰሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ከዚያ ወደ ከሚሴ በኩል ጨፋ ረግረግ ይገባል። ረግረጉ ላይ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ፤ በበጋ ከአፋር ድረስ ከብቱን እየነዳ የሚመጣ አርብቶ አደር አለ። ወላጆቻቸው በፋብሪካዎቹ የሚሠሩ ልጆች ክፍሌ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ አቀረቀሩ። ለእነሱ ምን እንደምል ተቸገርሁ። የአባታቸውን እንጀራ ጠላት አድርጌ መሣል አልፈለግሁም፤ የወንዙንም ነገር መሸፈን አልፈለግሁም። ፍሳሽን ሳያጣሩ መልቀቅ ክልክል መሆኑን፣ የማጣሪያ ሥራም ሙያ መሆኑን፣ ያንን ሙያ ከመካከላቸው አንዱ ሊማረው እንደሚችል ነገርኋቸው። ዛሬም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ጥያቄው ወደ ሐዘን የወሰደንም ጊዜ አለ። ስለ ዝናብ ወቅት ስናጠና ዋናው ክረምት ነው ብለን ጻፍን። ዘመዶቿ ወረ ኢሉ ያሉ ልጅ የእነሱ አገር በበልግ እንደሚዘራ ነገረችን። የወሎ ደጋ ብዙው ኑሮ በበልግ ዝናብ ላይ ነው፤ በልግ ሲቀር ቤት ይራቆታል። ልጆቹን የየቤታቸውን አረጋውያን እንዲጠይቁ ላክኋቸው። አንዱ ሴት አያቱን ይዟቸው መጣ። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ 1965 እና 1966 አወሩን። ዝናቡ እንዴት እንደቀረ፣ ሰው ወደ አስፋልቱ እንዴት እንደወጣ፣ ማን የት እንደቀረ ተናገሩ። እያለቀሱ አልነበረም። ልጆቹ ግን ሲሰሙ እጃቸውን አጣምረው ነበር። ያንን ድርቅ የዝናብ ካርታ ብቻ አያስረዳውም፤ ረኃቡ ተደብቆ መቆየቱም አለበት። አንድ ተማሪ «ዝናቡ ነው ወይስ ሰው ነው የገደላቸው?» አለ። እትዬ «ልጄ፣ ዝናቡ ጀመረው፣ ዝምታው ጨረሰው» አሉት።

የመጨረሻው የከበደኝ ነው። በ2013 ክረምት የደሴ ትምህርት ቤቶች በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ሰዎች ሞልተው ነበር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። ክፍል ዳግም ሲከፈት ወንበር የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ቴርሞሜትርም የለም። በዚያ ዓመት ከቆቦ የተፈናቀለ ልጅ ተማሪዬ ሆነ። የአካባቢያችሁን ካርታ ሣሉ ስል ሌሎቹ ቦርከናንና አስፋልቱን ሣሉ፤ እሱ የዞብልን ተራራና አንድ ወንዝ ሣለ። ወንዙን በነጠብጣብ ሞልቶታል። አሸዋ ነው አለኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፣ ከላይ ጎርፍ ሲመጣ ግን ሰዉ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፍ ጠልፎ ማልማት ለኮምቦልቻ ልጆች አዲስ ነገር ነበርና ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ለቀቅሁለት። ያን ቀን ስለ ጦርነቱ ምንም አላወራም፤ ስለ ማሽላ ግን ሳያቋርጥ አወራ። ጓደኞቹ ሲወጡ «አብሽር» እያሉ ትከሻውን ነካኩት።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አካባቢ ሳይንስን እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ላይ ማቆየቱን እደግፋለሁ። በቀድሞው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የተቀናጀ ሳይንስና ኅብረተሰብ ተብሎ ይለያይ ነበር። የእኔ ተማሪዎች ቦርከናን ለሁለት ከፍለው ሊያጠኑት አይችሉም ነበር። መጽሐፉ ግን ለመላው ክልል የተጻፈ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ያንን መሙላት የመምህሩና የወላጁ ድርሻ ነው። የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ልጁ ያየውን የሚጠይቅበት አንድ ሁለት ጥያቄ ቢኖረው መምህሩ ከሰሌዳው ፊት ለመውጣት ድፍረት ያገኛል።

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ ከዚያም ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ደብተርና እስክርቢቶ ስትልኩ አንድ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ጨምሩበት። ርእሳነ መምህራንም በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ የደሴን ልጆች ወደ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻን ልጆች ወደ ደሴ የሚያመላልስ አውቶቡስ ፈልጉላቸው። ለመጽሐፉ እኛ መምህራን አለን።